ሦስት ሺህ ዓመት በሁለት ሳምንት

የኢትዮጵያ ሲኒማ ታሪክ ሲነሣ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ሳይጠቀስ አይታለፍም። ሁለት ሰዓት ተኩል የሚረዝመው ይህ ጥቁርና ነጭ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1974 ተቀርጾ ያለቀው በሁለት ሳምንት ነው። ዳይሬክተሩ ኃይሌ ገሪማ ያኔ ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ተማሪ ነበሩ፤ ለቀረጻው አገር ቤት የገቡትም በትምህርት ዕረፍታቸው ነው። ካሜራውን የያዘው ኤሊየት ዴቪስ ነበር።

ኃይሌ ስለ ሥራቸው ሲናገሩ ደጋግመው የሚመለሱት ወደ ልጅነታቸው ነው። ጎንደር ውስጥ የካውቦይ ፊልም ሲያዩ ለካውቦዮቹ ይወግኑ ነበር። ማታ ግን አያታቸው እሳት ዳር ተረት ያወጉላቸዋል፤ አባታቸውም ተውኔት ጸሐፊ ነበሩ። ካሜራ ሲጨብጡ የመረጡት የቤታቸውን ወግ ነው፤ ታሪኩ የጭሰኛ ቤተሰብ፣ ቋንቋውም አማርኛ ሆነ።

መሣሪያው 16 ሚሊ ሜትር ፊልም ነው። የተለመደው አንድ ጥቅል የሚቀርጸው 11 ደቂቃ ያህል ብቻ ሲሆን፣ ላብራቶሪ ገብቶ ካልታጠበ ምን እንደወጣ አይታወቅም። ተዋንያኑም አብዛኞቹ በሙያው ያልሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ። ይህ ሁሉ እጥረት ግን ፊልሙን አላጣደፈውም። ካሜራው ከሩቅ ቆሞ በሬዎቹ ትልሙን እስኪጨርሱ፣ ሰዎቹ ሜዳውን እስኪያቋርጡ ይጠብቃል። ባላባቱ ሱፉን ለብሶ፣ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ፣ ከተቀመጠበት ሳይነሣ ጭሰኞቹን ይሳደባል፤ ያዛል። መሬቱን የተነጠቀውና እንደ እብድ የሚታየው ከበበ ደግሞ ሌላው በሹክሹክታ የሚለውን በአደባባይ ይጮኻል።

ቀረጻው የተካሄደው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን በወረዱበት ዓመት ነው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1976 ለተመልካች ከመድረሱ በፊት፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፤ የባላባትና የጭሰኛ ሥርዓትም በሕግ ቀረ።

ኃይሌ ትምህርቴን ልጨርስ፣ ገንዘብ ላጠራቅም ብለው ቢቆዩ ኖሮ የሚቀርጹት ትዝታን ነበር። የተማሪ ዕረፍታቸውን ስለተጠቀሙበት ግን ያ ዓለም ገና በእግሩ ቆሞ ሳለ ደረሱበት። የፊልሙ ትልቁ ሀብት ይህ ነው።