የአርበኞች ማኅበር ሥራና የእኛ የተማሪዎች ድርሻ



በየዓመቱ የካቲት 23 እና ሚያዝያ 27 ቀን በቴሌቪዥን መስኮት የምናያቸው የአንበሳ ጎፈር የደፉ፥ ጋሻና ጦር የያዙ፥ ደረታቸውን በሜዳይ ያስጌጡ ሰዎች አሉ። ሲፎክሩና ሲሸልሉ እናያለን፤ እናጨበጭባለን፤ ከዚያም ወደየጉዳያችን እንሄዳለን። እነዚህ ሰዎች እነማን እንደሆኑ፥ ማኅበራቸው ከበዓል ቀን ሌላ ምን እንደሚሠራ፥ እኛንስ የሲሪንቃን ልጆች በምን እንደሚነካን የጠየቀ ግን ከመካከላችን ጥቂት ነው። እኔም በቤታችን አንድ ነገር እስኪያጋጥመኝ ድረስ ጠይቄ አላውቅም ነበር። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጠይቄና አንብቤ ያገኘሁትን በአጭሩ ለማስረዳት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሴት አያቴ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ የምታስቀምጠው አንድ ሜዳይ አለ። የአባቷ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ አካባቢያችንን በደረሰ ጊዜ አያቴ ከቤት ስትወጣ ከያዘቻቸው ጥቂት ዕቃዎች አንዱ ይኸው ሜዳይ ነበር። ከሜዳዩ ጋር በሣጥን የኖረው ወረቀት ግን በቤት ቀርቶ ጠፋ። ባለፈው ዓመት አጎቴ የአርበኛ ተወላጅ በመሆኑ በማኅበሩ አባል ለመሆን አሰበና ማመልከቻውን እኔ እንድጽፍለት ጠራኝ። እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩና «ቅድመ አያቴ የማን ጭፍራ ነበሩ? በየትኛው ግንባር ዘመቱ? ስንት ዓመት በዱር ቆዩ?» ብዬ ጠየቅሁ። አጎቴ ወደ አያቴ ተመለከተ። አያቴም «በላስታ በኩል ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ፤ የቀረውን እንጃ ልጄ» አለችና ዝም አለች። ሜዳዩ ላይ የባለቤቱ ስም የለም። ማመልከቻው ከሁለት መስመር አላለፈም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ አርበኞች መጠየቅና ማንበብ ጀመርኩ።

በመጀመሪያ አርበኛ ማለት ማን ነው? ቃሉ በአጠቃላይ ጀግና ተዋጊን የሚያመለክት ቢሆንም፥ በአገራችን ታሪክ በተለይ የሚጠራበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ የፋሺስት ኢጣልያን ወረራ ለተቃወመው ሰው ነው። ከእነርሱም አንዳንዶቹ መሣሪያ ይዘው በዱር በገደል የተዋጉ ናቸው። ሌሎቹ ጠላት በያዘው ከተማ ተቀምጠው ወሬ፥ ጥይት፥ መድኃኒትና ስንቅ በስውር ያቀብሉ የነበሩ የውስጥ አርበኞች ናቸው። ከውስጥ አርበኞች ስማቸው የታወቀው ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ፥ ጠላት ደርሶባቸው ኢጣልያ አገር አዚናራ በምትባል ደሴት እስከ መታሰር ደርሰዋል። ከድል በኋላ ለአርበኞች የተሰጠው ሜዳይ የአገልግሎቱን ዘመን የሚያመለክት ዘንባባ ይደረግበት ስለ ነበር፥ አምስቱን ዓመት ሙሉ የተዋጋው «ባለ አምስት ዘንባባ» እየተባለ ይጠራ ነበር።

አንዳንድ ሰው ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ታሪክ ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን ታሪኩ ያለፈው በደጃችን ነው። ከሲሪንቃ ተነሥተን በመርሳና በውርጌሳ አድርገን ወደ ደሴ ስንጓዝ ውጫሌን እናገኛለን። የአድዋ ጦርነት መነሻ የሆነው ውል በሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው በዚያው አካባቢ ይስማ ንጉሥ በተባለ ቦታ ነው። ከአድዋ ጦርነት 40 ዓመታት በኋላ ጠላት ዳግመኛ በመጣ ጊዜ ደግሞ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ በአውሮፕላን ተደበደበች፤ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም። መጋቢት 22 ቀን የማይጨው ጦርነት ሆነ፤ ወደ ኋላ ይመለስ የነበረው ሠራዊታችንም በአሸንጌ ሐይቅ አጠገብ በቦምብና በመርዝ ጋዝ አለቀ። ሚያዝያ 7 ቀን ጠላት ደሴ ገባ። የወሎ ጳጳስ የነበሩት አቡነ ጴጥሮስ ሕዝቡ ለጠላት እንዳይገዛ ገዝተው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተገደሉ። በ1929 ዓ.ም. በዋግና በላስታ በኩል የተነሣውን አመፅ የመሩት ደጃዝማች ኃይሉ ከበደም ከሞቱ በኋላ ጠላት ራሳቸውን ቆርጦ ለሕዝብ ማስፈራሪያ አደረገው።

ድሉም የመጣው በዚያው መንገድ ነው። ደሴ ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ነጻ ከወጣች በኋላ የደቡብ አፍሪካ ጦር ዛሬ አውቶቡስ በምንሳፈርበት በዚህ መንገድ ወደ ሰሜን ተጓዘ። ከሌላው የእንግሊዝ ጦርና ከአርበኞች ጋር ሆኖም በአምባላጌ የመሸገውን ጠላት ከበበ፤ የኢጣልያው አገረ ገዥ የአኦስታው መስፍንም ግንቦት 11 ቀን እጁን ሰጠ። ስለዚህ በመንደራችን ሽማግሌዎች ቤት የሚገኝ እያንዳንዱ አሮጌ ሜዳይ የዚህ ታሪክ ቁራጭ ነው።

አሁን ወደ ማኅበሩ ልመለስ። የጥንታዊት ኢትዮጵያ ጀግኖች አርበኞች ማኅበር ዋና ጽሕፈት ቤቱ በአዲስ አበባ ነው። ሁላችን የምናውቀው ሥራው ሦስቱን ታላላቅ መታሰቢያዎች ማክበሩ ነው። የካቲት 12 ቀን በስድስት ኪሎ የሰማዕታት ሐውልት የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል፤ ይህም በ1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ ለተጨፈጨፈው ሕዝብ መታሰቢያ ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቍጥር 30,000 ብሎታል። የካቲት 23 ቀን የ1888 ዓ.ም. የአድዋ ድል፥ ሚያዝያ 27 ቀን ደግሞ በአራት ኪሎ የድል ሐውልት የአርበኞች ቀን ይከበራል።

የሚያዝያ 27 ነገር ጥቂት ማብራሪያ ይገባዋል። ጠላት አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተመልሰው አዲስ አበባ የገቡትም ልክ በአምስተኛው ዓመት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። የከተማዋ ከጠላት እጅ መውጣት ግን ከዚያ ቀደም ብሎ መጋቢት 28 ቀን ስለ ነበር፥ በደርግ ዘመን በዓሉ ወደዚያ ቀን ተዛውሮ ነበር፤ ኋላም ወደ ቀድሞው ተመለሰ። አንድ ቀን እንኳ በዘመን መለዋወጥ ከቦታው ሊነሣ እንደሚችል ከዚህ እንማራለን። ቀን የሚያስታውስ ሰው ካልኖረ ቀኑም አይኖርም።

ነገር ግን የአርበኞች ማኅበር ትልቁ ሥራ በአደባባይ የሚታየው ብቻ አይደለም። በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጠው ምስክርነት ነው። አርበኛ ለአርበኛ ይመሰክር ነበር፤ «ከእኔ ጋር ነበረ፥ በዚህ ቦታ ቆሰለ፥ በዚያ ወንዝ ወደቀ» የሚል ጓደኛ ነበረው። ዛሬ ይህ ምስክር የለም ማለት ይቻላል። ሒሳቡን እንሥራው፤ በ1928 ዓ.ም. የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ሰው በ2016 ዓ.ም. በሕይወት ቢገኝ 108 ዓመት ይሆነዋል። ድሉ ሲመጣ ገና 15 ዓመቱ የነበረ ልጅ እንኳ 98 ዓመት ይሞላዋል።

እንዲህ ያለው ችግር በሌላም አገር ደርሷል። በአሜሪካ በእርስ በርስ ጦርነት የተዋጉ የሰሜን ወታደሮች እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1866 አንድ ታላቅ ማኅበር አቋቁመው በየከተማው ቅርንጫፍ ነበራቸው። አባል የሚሆነው ራሱ የዘመተው ብቻ ስለ ነበር፥ በ1956 የመጨረሻው አባል አልበርት ዉልሰን በሞተ ጊዜ ማኅበሩም አብሮት ተዘጋ። የእኛ አገር ማኅበር ግን የአርበኞችን ልጆችና የልጅ ልጆች ስለሚቀበል በራፉ አልተዘጋም። ዛሬ በበዓል ቀን ጎፈር ደፍተው የምናያቸው አብዛኞቹ እነዚህ ተወላጆች ናቸው። ይህ መልካም ነገር ነው። ይሁን እንጂ ተወላጅ ጎፈሩን ይወርሳል እንጂ ያላየውን በዓይኑ እንዳየ አድርጎ ሊመሰክር አይችልም። ሊመሰክር የሚችለው ከወላጆቹ ጠይቆ የጻፈውን ብቻ ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚባለው ለዚህ ነው።

የአጎቴ ማመልከቻ በሁለት መስመር የቆመውም ስላልጻፍን ነው። ጥፋቱ የማንም አይደለም፤ የቤታችን ነው። ቅድመ አያቴ በሕይወት ሳሉ ልጆቻቸው ነበሩ፤ የጠየቃቸው ግን አልነበረም። አያቴን ደጋግሜ በጠየቅኋት ጊዜ ደግሞ ያላሰብኩት ነገር ነገረችኝ። እናቷ ሌሊት ዱቄት እየፈጨች፥ በሶና ጥሬ እየቋጠረች በጨለማ ወደ ገደሉ ታደርስ ነበር። «ለእሷ ሜዳይ የሰጣት የለም፤ እሷም አልጠየቀች» አለችኝ። እኔም ያን ዕለት ሁለቱንም በአንድ ደብተር ጻፍኋቸው። በአካባቢያችን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድነት ስለ ኖረ፥ እንደ እርሷ ያሉ እናቶች በየቤቱ ይገኙ ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ለጓደኞቼ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በሚመጣው ክረምት እያንዳንዳችን አንድ ደብተር ይዘን በቤታችንና በጎረቤታችን ያሉትን ሽማግሌዎችና ባልቴቶች እንጠይቅ። ጥያቄዎቹም እነዚህ ይሁኑ። የዘመተው ሰው ሙሉ ስምና የትውልድ መንደር ማን ነው? አለቃው ማን ነበር? በየት በየት ተዋጋ፥ ስንት ዓመት? ከእርሱ ጋር የነበሩት እነማን ናቸው? ስንቅ ያቀብል የነበረው ማን ነው? ሜዳይ፥ ወረቀት ወይም ፎቶግራፍ አለ ወይ? ይህን የነገረንስ ማን ነው፥ ራሱ አይቶ ነው ወይስ ሰምቶ? የመጨረሻው ጥያቄ እንዳይረሳ አደራ እላለሁ፤ የታየውንና የተሰማውን ለይቶ ያልጻፈ ሰው ለታሪክ አይጠቅምም። ወረቀትና ፎቶግራፍ የተገኘ እንደሆነም በስልክ አንሥተን አንዱን ቅጂ ለቤተ ሰቡ፥ አንዱን ለትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት እንስጥ። አንድ ወረቀት በአንድ ሣጥን ብቻ መኖር ምን እንደሚያስከትል በ2014 ዓ.ም. ሁላችንም አይተናል።

መምህሮቻችን ይህን ሥራ በታሪክ ክፍለ ጊዜ እንዲመሩልን፥ ወላጆቻችንም ስንጠይቅ «ይህ የልጅ ነገር አይደለም» ሳይሉ እንዲነግሩን በትሕትና እጠይቃለሁ።

የአጎቴ ማመልከቻ እስካሁን አልተላከም። አያቴ ግን በቅርቡ በገበያ ቀን አንዲት አሮጊት ዘመዷን አግኝታ የአባቷን አለቃ ስም ትጠይቅልኝ ዘንድ ቃል ገብታልኛለች። ከተገኘ ሦስተኛው መስመር ይጻፋል።