ሁልጊዜ የሚከሰሰው ሞተር

በሬዲዮ የሚመራ ሞዴል አውሮፕላን ኃይል ሲያንሰው ወይም ጭራሽ አልነሳ ሲል መጀመሪያ የሚከሰሰው ሞተሩ ነው። ባለቤቱም ሳይመረምር አዲስ ለመግዛት ይቸኩላል። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ካርቦን አልባ (ብራሽለስ) ሞተር ግን ቶሎ የሚያልቅ ዕቃ አይደለም፤ እየተፋተገ የሚያረጀው ኩሽኔታው ብቻ ነው። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከባትሪው እስከ ፕሮፔለሩ ባለው መስመር ሌላ ቦታ ላይ ነው።

ድሮ ነገሩ ሌላ ነበር። እንግሊዛዊው ኮሎኔል ታፕሊን እ.ኤ.አ. በ1957 «ሬዲዮ ኩዊን» የተባለውን ሞዴሉን በኤሌክትሪክ ካበረረ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ካርቦን ያለው ሞተር ነበር የሚሠራው። ካርቦኑ ተፍቆ ያልቃል፣ ካርቦኑ የሚፋተግበት ኮሙቴተር በብልጭታ ይጠቁራል፣ የኒኬል ካድሚየም ባትሪው ደግሞ ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ የሊቲየም ፖሊመር ባትሪ ሲስፋፋ ሁሉም ተለወጠ። በዚያው ዘመን አማተሮች ከተጣለ የሲዲ ማጫወቻ ትንሿን ሞተር አውጥተው፣ በወፍራም ሽቦ እንደገና ጠቅልለው፣ ማግኔቷን በኒዮዲሚየም ተክተው ማብረር ጀመሩ። ቅርፊቱ ከነማግኔቱ የሚሽከረከረውን ሞተር ለብዙዎች ያስተዋወቀው ይህ የእጅ ሥራ ነበር።

ምርመራ የሚጀምረው ፕሮፔለሩን በመፍታት ነው። ይህ መቼም ሊዘለል አይገባም፤ ጠረጴዛ ላይ ሳይታሰብ የተነሳ ፕሮፔለር ጣት ይቆርጣል። ቀጥሎ ሞተሩን የባትሪውን ኃይል ከሚመጥንለት ፍጥነት መቆጣጠሪያ ነቅሎ በእጅ ማዞር ነው። ጤነኛው በእኩል ርቀት ያዝ ለቀቅ እያደረገ ይዞራል። አሸዋ የገባበት ዓይነት ድምፅ ካሰማ ኩሽኔታው አልቋል፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚፍቅ ከሆነ ዘንጉ ተጣሟል ወይም ማግኔት ተላቅቋል። ከዚያ ከሞተሩ ሦስት ሽቦዎች ሁለት ሁለቱን እያነካኩ እንደገና ማዞር ነው። ሞተሩ በሦስቱም ጥምረት እኩል ሊከብድ ይገባል። አንዱ ጋ ከቀለለ በሞተሩ የሽቦ ጥቅል ውስጥ የተበጠሰ አለ፤ ሽቦዎቹ ሳይነካኩም ከከበደ ጥቅሉ ውስጥ ለውስጥ ተገናኝቷል። የጥቅሉ ተቃውሞ ከአንድ ኦም እጅግ ስለሚያንስ ተራ ቴስተር እዚህ ላይ ብዙም አይረዳም።

ሳይዞር ወዲያ ወዲህ የሚንቀጠቀጥ ሞተር ደግሞ ብዙ ጊዜ ንጹሕ ነው። ከሦስቱ መስመሮች አንዱ ተቋርጧል፤ ጥፋተኛውም በደንብ ስታኞ ያልያዘ ማገናኛ ሊሆን ይችላል። ሌላ ጤነኛ ሞተር በዚያው ፍጥነት መቆጣጠሪያ ላይ ሰክቶ መሞከር ክርክሩን ይዘጋል። አየር ላይ ድንገት ኃይል የሚቀንሰውም አብዛኛውን ጊዜ መቆጣጠሪያው ደካማ ባትሪ እንዳይጎዳ ብሎ ሲቆጥብ ነው። የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታና የጠቆረ ሽቦ ከታየ ግን ፍርዱ በሞተሩ ላይ ነው።

ሞተሩን መቀየር የቁጥር ሥራ ነው። በብዙ አምራቾች ዘንድ 2212 ማለት ጥቅሉን የተሸከመው ብረት 22 ሚሊሜትር ስፋት፣ 12 ሚሊሜትር ቁመት አለው ማለት ነው። ኬቪ የሚባለው ሞተሩ ያለ ጭነት በአንድ ቮልት በደቂቃ የሚዞረው ዙር ነው፤ 1000 ኬቪ ያለው በ11.1 ቮልት 11,100 ጊዜ ያህል ይዞራል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ኬቪ ጨምረው የድሮውን ፕሮፔለር ሲያስሩ ነው። የፕሮፔለሩ ፍጥነት በሩብ ሲጨምር የሚጠይቀው ኃይል ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ ያኔ መቆጣጠሪያው ሊቃጠል ይችላል። ሞተሩን የሚያስሩት ቡሎኖች ርዝመትም ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ ረጅሙ ጥቅሉን ወግቶ አዲሱን ሞተር በመጀመሪያው ቀን ይገድለዋል። ሞተሩ ከቀድሞው ከከበደ አፍንጫው እንዳይዘቀዝቅ ባትሪው ወደ ኋላ ይገፋል። በብዙ ሞዴሎች ላይ ሞተሩ በጥቂት ዲግሪ ወደ ታችና ወደ ቀኝ ያዘነበለውም ሆን ተብሎ ስለሆነ «ላቃናው» ማለት አያስፈልግም።

የአምራቾች ሠንጠረዥ ባብዛኛው ለባሕር ጠለል አካባቢ አየር የተሠራ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ ያው ፕሮፔለር የሚስበው አምፔርም የሚሰጠው ግፊትም ይቀንሳል። ስለዚህ እዚህ አንድ ኢንች ተለቅ ያለ ፕሮፔለር አስሮ፣ አምፔሩን በዋትሜትር ለክቶ፣ ከአጭር በረራ በኋላም የሞተሩን ሙቀት በእጅ ዳስሶ መወሰን ይሻላል።