ከቤሩት የመጣችው የባሕር ሙሽራ

አሻንጉሊቷ ቤታችን የገባችው በ1991 ዓ.ም. ክረምት ነው። ቤሩት ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራው አክስቴ፣ ለእረፍት ወደ አገር ቤት ለመጣች ጓደኛዋ አደራ ሰጥታ ከላከችው ሳሙና፣ ሽቶና ሹራብ መሐል በፌስታል ተጠቅልላ ወጣች። ከወገቧ በላይ ሴት፣ ከወገቧ በታች ዓሣ። ፀጉሯ ቀይ፣ ጅራቷ አረንጓዴ። ያኔ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር በእጄ መያዝ ቀርቶ በሥዕልም አይቼ አላውቅም። አብሮ በተላከው ካሴት ላይ አክስቴ፣ «አሻንጉሊቷ የልጅቷ ናት፤ እዚህ አገር የባሕር ሙሽራ ይሏታል» ስትል ይሰማል።

«በስመ አብ!» አሉ አያቴ አገላብጠው እያዩዋት። እኔም እንደ ሰፈሩ ልጆች ሁሉ እማማ ነበር የምላቸው። «ይቺ ደግሞ ሰው ናት ዓሣ?»

ለእኔ መልሱ ግልጽ ነበር። ከአልጋቸው በላይ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ተሰቅሏል። ነጩ ፈረስ፣ ጦሩ፣ ከታች የተጠማዘዘው ዘንዶ፣ ዛፍ ላይ ሆና የምትመለከተው ልጅ። ልጅቷ ብሩታዊት እንደምትባል፣ የቤሩት ሰዎች ለዘንዶው ግብር አድርገው እንዳቀረቧትና ሰማዕቱ ደርሶ እንዳዳናት እማማ ስንት ጊዜ ነግረውኛል። አክስቴ ያለችው እንግዲህ ዘንዶው በነበረበት አገር ነው። አሻንጉሊቷም የመጣችው ከዚያው ነው።

«እማማ፣ ዘንዶው ግማሿን ውጧት ነው» አልኳቸው።

የሚስቁ መስሎኝ ነበር። ዝም ብለው ጅራቷን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና መለሱልኝ። ልጃቸው ከሄደች ሦስት ዓመት ሆኗት ነበር። የምትደውለው አሠሪዎቿ ሲፈቅዱላት ብቻ ነው፤ አንዳንዴ ድምፅዋ ሳይሰማ ወራት ያልፋሉ። በሰላም ከተመለሰች ለጊዮርጊስ ጥላ ሊያስገቡ ተስለዋል። ይህን ሁሉ ያኔ አላውቅም። የማስታውሰው ጎረቤቶች «የጋኔን ምስል ነው፣ አውጥተው ይጣሉት» ሲሏቸው፣ «ተዉዋት፣ የልጄ እጅ የነካት ናት» ማለታቸውን ነው።

«እግር የምታወጣው መቼ ነው?» ብዬ እጠይቃቸዋለሁ።

«አክስትሽ ስትመጣ» ይሉኛል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ገላዬን የምታጠበው በሰማያዊ የፕላስቲክ ሳፋ ነበር። ሳፋው ባሕር ሆነ፤ የሳሙና ማስቀመጫው መርከብ፣ ጆጉ ዓሣ ነባሪ። አሻንጉሊቷ ውስጧ ባዶ ስለነበር በወገቧ መገጣጠሚያ በኩል ውሃ ይገባባታል። ቆይታ ስትጨመቅ ጥቁር ነገር መትፋት ጀመረች። እኔ የዘንዶው መርዝ ነው ብዬ አምኛለሁ፤ ዛሬ ሳስበው ሻጋታ ነበር። (ለልጆቻችሁ የውሃ መጫወቻ ስትገዙ ቀዳዳ የሌለውን ምረጡ።)

የዚያች አሻንጉሊት ዘር ከየት እንደሆነ ያወቅሁት አድጌ ነው። ዲዝኒ እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣው የካርቱን ፊልም ጀግና የአሪየል አስመሳይ ነበረች፤ ቀይ ፀጉሯና አረንጓዴ ጅራቷ ይመሰክራሉ። የፊልሙ መነሻ ዴንማርካዊው ሃንስ ክርስቲያን አንደርሰን በ1837 ያሳተመው ተረት ነው። ኮፐንሃገን ባሕር ዳርቻ ከ1913 ጀምሮ ድንጋይ ላይ የተቀመጠችው የነሐስ ሐውልትም የእሷው ናት፤ ቁመቷ 1.25 ሜትር ብቻ ነው።

ፊልሙ በሠርግ ያልቃል። የአንደርሰን ተረት ግን ሌላ ነው። የባሕሯ ልጅ ወደ ሰዎች አገር ለመሄድ እግር ትፈልጋለች፤ ጠንቋይዋ እግር ልትሰጣት ምላሷን ትቆርጣለች። በእያንዳንዱ እርምጃ ስለት ላይ እንደሚሄድ ሰው ያማታል፣ ግን ለማንም መናገር አትችልም። ልዑሉም ሌላ ያገባል። ተረቱን ለልጅ ለማንበብ ያሰባችሁ ወላጆች ይህን ቀድማችሁ ብታውቁት ይሻላል። እኔ ያነበብኩት በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ምላሷ የተቆረጠበት ቦታ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ዘግቼ ካሴቶቹን አስታወስኩ። አክስቴ በካሴት ስለ ሁሉም ሰው ትጠይቅ ነበር፤ ስለ ራሷ «ደህና ነኝ» ብቻ።

ዓረቦች የባሕር ሙሽራን «አሩስ አል ባሕር» ይሏታል። ብዙ ወገኖቻችን የሚያውቋት የጅዳ ከተማም ቅጽል ስሟ «የቀይ ባሕር ሙሽራ» ነው። በዚያው ስም የሚጠራ እውነተኛ እንስሳም አለ፤ ዱጎንግ። በቀይ ባሕር ውስጥ ይኖራል፣ የባሕር ሣር ይግጣል፣ ልጁን ጡት ያጠባል፣ ጅራቱ እንደ ዓሣ ነባሪ ጅራት ነው። ክሪስቶፈር ኮሎምበስም በጥር 1493 በካሪቢያን አካባቢ ሦስት የባሕር ሴቶች ማየቱን፣ ግን እንደሚሣሉት ቆንጆ አለመሆናቸውን መዝግቧል። ያያቸው የዱጎንግ ዘመድ የሆኑት ማናቲዎች እንደነበሩ ይታመናል። ብቻውን ወራት በባሕር የከረመ ሰው ምን አይታየው!

ልጆቻቸው እንዲህ ያለ ግማሽ በግማሽ ፍጥረት ሲወዱ የሚሰጉ ወላጆች ገጥመውኛል። ስጋታቸውን አልንቅም። ግን እኛስ በምን አደግን? በጭራቅ፣ በአያ ጅቦ፣ ልጃገረድ ይገበርለት በነበረው በአርዌ ዘንዶ። የሰው፣ የአንበሳ፣ የላምና የንስር ገጽ ያላቸውን አርባዕቱ እንስሳ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንጋጠን እያየን፣ በቅዱስ መርቆሬዎስ ሥዕል ላይ ደግሞ የውሻ ፊት ያላቸውን ሰዎች እየቆጠርን ነው። ልጅ ጨዋታውን ከእምነቱ አያምታታም ለማለት አልደፍርም፤ እኔ ራሴ አምታትቻለሁ። ግን ያምታታሁት አጠገቤ ሆኖ የሚያወራኝ ሰው ስለነበረ ነው። የሚያስፈራኝ ይልቅ ባትሪ ተገጥሞላት ራሷ የምታወራዋ አሻንጉሊት ናት። ልጄ በአምስተኛ ልደቷ አንዷን አግኝታ ነበር። በሦስት ቀን ውስጥ የምትለውን ሁሉ ጨረሰች፤ ልጄም ተወቻት። እግር ውስጡ የሚገባበት የጨርቅ ጅራት ለዋና ልግዛላት የሚል ካለ ደግሞ አደራ፦ ሁለት እግር አንድ ላይ ታስሮ ውሃ መግባት አደገኛ ነው። ቤት ውስጥ፣ ምንጣፍ ላይ ይሁን።

አክስቴ የተመለሰችው በ1997 ነው። ጥላው ገባ። እኔ አሥራ ሦስት ዓመት ሞልቶኝ ስለነበር ስለ እግሩ ነገር አላነሳሁም። እማማ ካረፉ አሁን አራት ዓመት ሆናቸው። ሣጥናቸው ሲከፈት አሻንጉሊቷ በነጠላ ቁራጭ ተጠቅልላ፣ ከካሴቶቹ ጋር ተገኘች። ፀጉሯ ሳስቷል፣ የጅራቷ ቀለም ተልጧል። ካሴቶቹን የሚያጫውት ቴፕ እስካሁን እየፈለግን ነው።

ስድስት ዓመት የሆናት ልጄ ያቺን አሮጌ አሻንጉሊት ወሰደቻት። ባለፈው እሑድ ቡና ተፈልቶ አክስቴ ጋ ተቀምጠን ሳለ፣ «ቤሩት ባሕሩ ውስጥ ትዋኚ ነበር?» ብላ ጠየቀቻት።

አክስቴ ስኒዋን አስቀመጠች። «ጠዋት ጠዋት ሰባተኛ ፎቅ ላይ መስታወት ስወለውል አየው ነበር» አለች። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እግሬን አላረጠብኩበትም።»

በሃያ ዓመት ውስጥ ይህን ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። ምን እንደምላት ሳስብ ልጄ ተነስታ ወጣች። ትንሽ ቆይታ፣ ግማሽ ድረስ ውሃ የያዘ ሳፋ እየጎተተች፣ ምንጣፉን እያራሰች መጣች። አሻንጉሊቷ ውስጡ ትንሳፈፋለች።

አክስቴ ጫማዋን አወለቀች።