የሞግዚቷ ደብተር

በማንኛውም ኅብረተሰብ ውስጥ የአንዱ ሰው የሥራ ሰዓት በሌላው ሰው የሥራ ሰዓት ላይ የቆመ ነው። ጸሐፊዋ ቢሮዋ ገብታ ፋይል የምትከፍተው፣ መምህርቷ ጠመኔ የምታነሣው፣ ነርሷ ነጭ ካፖርቷን የምትለብሰው ሌላ ሴት በየቤታቸው ሕፃን ስላዘለችላቸው ነው። ይህችን ሌላይቱን ሴት ሞግዚት እንላታለን። ስለ እርስዋ የሚጻፈው ጥቂት ነው፤ ሲጻፍም ብዙውን ጊዜ ወሬው የደላላና የጠፋ ዕቃ ነው። እዚህ ልናነሣ የምንወደው ግን ሌላውን ገጽታዋን፣ ይኸውም ቀን ሕፃን እያሳደገች ማታ ኮሌጅ የምትማረውን ሞግዚት ነው።

የአዲስ አበባን የማታ ክፍሎች በአንክሮ ለተመለከተ ሰው እነዚህን ተማሪዎች ለይቶ ማወቅ አያስቸግርም። ዘግይተው ይገባሉ። ከበሩ አጠገብ ይቀመጣሉ። አንዳንዷ ትከሻዋ ላይ ሕፃኑ ያገሳው ወተት ደርቆ ይታያል። የሚማሩት ሒሳብ አያያዝ፣ ሥራ አመራር ወይም ነርስነት ይሆናል። ማስታወሻቸውን የሚያነቡት ሕፃኑ ሲተኛ ነውና፣ ትምህርታቸውን የሚወስነው የኮሌጁ ካሌንደር ብቻ ሳይሆን የሕፃኑም እንቅልፍ ነው። ሕፃኑ ጥርስ ባበቀለ ሰሞን የሚደረግ ፈተና ምን ውጤት እንደሚያመጣ ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም።

ነገሩን ከስሜት አውጥተን በተጨባጭ ሁኔታው እንመርምረው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከሰዓት በኋላ የሚዘጉት በ11፡30 ነው። የማታው ትምህርትም በአብዛኛው የሚጀምረው በዚያው ሰዓት ግድም ነው። አሠሪዋ ከቢሮ ወጥታ፣ የታክሲ ሰልፍ ይዛ፣ በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ አልፋ ቤቷ ስትደርስ 12፡30 ወይም 1፡00 ይሆናል። ሞግዚቷ ሕፃኑን የምታስረክበው ከዚያ በኋላ ነው። እርስዋም በተራዋ ታክሲ ትጠብቃለች። እንግዲህ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በየምሽቱ ያመልጣታል ማለት ነው። አንድ የትምህርት ዓይነት በፕሮግራሙ ላይ ሁልጊዜ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ከተመደበ፣ ያን ትምህርት ከነጭራሹ ሳትማረው ትፈተናለች። ይህን የስንፍና ውጤት ነው የሚል ሰው ካለ ሰዓቱን ደግሞ ይቁጠር።

እዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባው ነጥብ አለ። አሠሪዋ በአብዛኛው ባለጸጋ አይደለችም፤ እርስዋም የወር ደመወዝተኛ ናት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የምታገኘው የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነው። ዘጠናው ቀን ሲያልቅ የሦስት ወር ጨቅላ ትታ ወደ ሥራ ትመለሳለች። በመሆኑም በሁለቱ ሴቶች መካከል ያለው ቅራኔ የማይታረቅ ቅራኔ አይደለም። ሁለቱም ከአንድ ምንጭ የሚመነጭ ችግር ተሸክመዋል፤ ሕፃን ማሳደግ የኅብረተሰቡ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የአንድ ቤት የጓዳ ጉዳይ ሆኗል። የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 በመሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲኖር መደንገጉ ከዚህ አንጻር ትልቅ እርምጃ ነበር። ማቆያ በሌለበት ግን ሸክሙ በሞላ የሚወድቀው በአንዲት ወጣት ጀርባ ላይ ነው።

ሕጉስ ስለ ወጣቷ ምን ይላል? ያው አዋጅ 1156 ለሠራተኛ ሁሉ መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ብሎ ሲወስን፣ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከተፈጻሚነቱ ወሰን አስወጥቶ የሥራ ሁኔታውን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ እንዲመራ አድርጓል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ከቁጥር 2601 ጀምሮ ከአሠሪው ጋር ስለሚኖር ሠራተኛ ሲደነግግ፣ አሠሪው የሠራተኛውን ጤንነትና ሞራል እንዲጠብቅ ያዛል። መልካም ነው። ነገር ግን ሞራሏን የሚጠብቅላት ሕግ በስንት ሰዓት ከቤት እንደምትወጣ አይነግራትም። የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ያጸደቀው ስምምነት ቁጥር 189 በአንቀጽ 10 ላይ ይህን ጉዳይ በቀጥታ አንሥቶታል። ሠራተኛው በቤተሰቡ ትእዛዝ ሥር ሆኖ የሚጠብቅበት ጊዜ፣ የየአገሩ ሕግ በሚወስነው መጠን፣ የሥራ ሰዓት ተብሎ እንዲቆጠር፣ የሳምንት ዕረፍትም ከተከታታይ 24 ሰዓት እንዳያንስ ይላል። ሕፃኑ ቢያለቅስ ብላ ሌሊቱን ጆሮዋን አቁማ የምታድር ልጅ «ተኝታ ነበር» አትባልም ማለት ነው።

ከሕጉ ይልቅ ሥር የሰደደው ግን ልማዱ ነው። «አስተምራታለሁ» ተብሎ ከገጠር የመጣች የዘመድ ልጅ የሌለችበት የከተማ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ቃሉ ብዙ ጊዜ በቅንነት የተሰጠ መሆኑን አንክድም። ይሁን እንጂ ቃሉ ከተሰጠበት ዕለት ጀምሮ ደመወዝ የሚለው ነገር ከመካከል ይወጣል። ለሥራዋ የሚገባት ዋጋ የትምህርት ቤት ክፍያ ሆኖ ይመለስላትና ችሮታ ይባላል። «እንደ ልጄ ነው የማያት» የሚለው አነጋገር የሚፈተነው በፈተና ሰሞን ነው። የገዛ ልጅ ሲፈተን ቤቱ ጸጥ ይላል፤ ሻይ ይቀርብለታል፤ መልእክት የሚልከው የለም። «እንደ ልጅ» የምትታየዋ ስትፈተን ግን እንግዳ ይመጣል፤ ቡና ይፈላል፤ ሕፃኑም ይታመማል። ሥጋ ዝምድናው የሥራውን ግንኙነት ሸፍኖ ስለያዘው ልጅቷ መብቷን ብትጠይቅ ውለታ በላ ትባላለች። ደመወዝ ተቀብላ ክፍያዋን ራስዋ የምትከፍል ሞግዚት ገንዘቧ ቢያንስም በዚህ ረገድ ትሻላለች፤ ሥራ ብትለቅ ትምህርቷን ይዛ ትሄዳለች። ኮሌጁን እትዬ የሚከፍሉላት ግን ቤቱን ስትለቅ ደብተሯንም ትለቃለች።

ይህ ነገር የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1986 የተጀመረው «ኦ ፔር» የተባለው ፕሮግራም ከልዩ ልዩ አገሮች የሚመጡ ወጣቶች በቤተሰብ ውስጥ እየኖሩ ሕፃን እንዲጠብቁና እንዲማሩ የታቀደ ነው። ደንቡ ሥራውን በቀን 10፣ በሳምንት 45 ሰዓት ይገድባል፤ ወጣቷ 6 ክሬዲት ሰዓት እንድትማር ያስገድዳል፤ ለዚሁም ቤተሰቡ እስከ 500 ዶላር እንዲከፍል ያዛል። ያም ሆኖ «የባህል ልውውጥ» በሚል ስም የተከፈለው አበል አነሰ፣ ወኪል ድርጅቶቹም ዋጋውን ተስማምተው ወስነዋል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2014 በኮሎራዶ ክስ ተመሠረተ። ለ45 ሰዓት ይከፈል የነበረው ዝቅተኛ አበል 195 ዶላር ከ75 ሳንቲም ነበር። ክሱ እ.ኤ.አ. በ2019 በ65.5 ሚሊዮን ዶላር እርቅ አለቀ። በእኛ ቤት «እንደ ልጄ»፣ በእነርሱ ቤት «የባህል ልውውጥ»፤ ስሙ ተለያየ እንጂ ሸማው አንድ ነው። ልዩነቱ፣ እዚያ ሰዓቱ በጽሑፍ የሰፈረ በመሆኑ ከሳሾቹ የሚቆጥሩት ነገር ነበራቸው።

በአገራችንም የሠራተኛይቱ የትምህርት ሰዓት ከአሠሪው በጎ ፈቃድ ውጪ የታሰበበት ጊዜ ነበር። በ1971 ዓ.ም. ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር በየቀበሌው ጣቢያ ፊደል ከቆጠሩት መካከል የቤት ሠራተኞች ነበሩ። የዚያን ዘመን በደል የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ይህችን አንዲት ነገር መጥቀስ ግን ለታሪክ መታመን ነው።

መፍትሔው ምን ይሁን ቢባል፣ የቅዳሜና እሑድ ትምህርት ይሻላል የሚሉ አሉ። ሰዓቱን ያስታርቃል፤ ዕረፍቷን ግን ይበላል። ሰባቱንም ቀን ሥራ ያደረገችን ልጅ «ጎበዝ» ብሎ ማወደስ ቀላል ነው። ከዚህ ይልቅ ስትቀጠር የምትወጣበት ሰዓት፣ የፈተና ቀኖቿና ደመወዟ በአንድ ወረቀት ላይ ሰፍረው ሁለቱ ወገኖች ቢፈርሙበት ይበጃል። ዛሬ የሚጠየቀው የእርስዋ ተያዥ ብቻ ነው። ኮሌጆችም ድርሻ አላቸው፤ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ በግማሽ ሰዓት ቢያዘገዩ ወጪው ከመብራት አያልፍም። የእጇ ሙያም አለ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ አንድ ሰው ሙያውን የትም ይልመደው፣ ብቃቱ ተመዝኖ የምስክር ወረቀት እንዲያገኝ በር ከፍቷል። ሦስት ሕፃናት አሳድጋ ለእግር ያበቃች ሞግዚት በዚህ በር ለመግባት ከማንም አታንስም።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የዲግሪ ተማሪ ሁሉ፣ የመንግሥትም ሆነ የግል ኮሌጅ ተማሪ ቢሆን፣ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት፤ ማለፊያውም 50 በመቶ ነው። ወረቀቱ ቀን ተምሮ ማታ ላጠናውም፣ ቀን ሕፃን አዝላ ማታ ለተማረችውም አንድ ነው። ያመለጧት የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜዎችም በዚያ ወረቀት ላይ ከነጥያቄዎቻቸው ይጠብቋታል።