አንድ እግር ብቻ ሲያብጥ፦ የጠበበ ደም መልስ እንዴት ይከፈታል?

ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚሠራ ሰው ማታ ላይ ሁለቱም እግሮቹ ቢያብጡና ጠዋት ቢጎድልለት ብዙ ጊዜ የድካም ነው። አንድ እግር ብቻ፣ በተለይም ግራው፣ በድንገት ካበጠ፣ ከከበደና ቀለሙ ከተለወጠ ግን ነገሩ ሌላ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ እግር አይታሽም፤ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ግራው ለምን? ወደ ቀኝ እግር የሚወርደው ደም ቅዳ፣ ከግራ እግር ደም ወደ ልብ በሚመልሰው ደም መልስ ላይ ተሻግሮ ያልፋል። በአንዳንድ ሰዎች ደም መልሱን ከጀርባ አጥንት ጋር አጣብቆ ያጠበዋል። ሜይ እና ቱርነር የተባሉ ሐኪሞች ይህን በ1957 እ.ኤ.አ. በጥናት ገልጸውታል። ችግሩ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል። በጠበበው ቦታ ደም ሊረጋ፣ የረጋው ደምም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል።

ክሊኒክ ስትደርሱ «ሪጅል ወሕዳ ዋርማ፣ ፈጅአ» በሉ፤ አንድ እግሬ በድንገት አበጠ ማለት ነው። መጀመሪያ የሚታዘዘው አብዛኛውን ጊዜ አልትራሳውንድ ነው፤ እዚህ «ሱናር» ይሉታል። ለብዙዎች ደም ማቅጠኛ መድኃኒት ይበቃል። መክፈት የሚያስፈልጋቸው ግን በጉብራ እንዳለው ሮያል ሆስፒታል ወይም በአል ኹድ እንዳለው የሱልጣን ቃቡስ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወዳሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች ሊላኩ ይችላሉ።

በአስተርጓሚነት ሥራዬ እንደማየው፣ ከሕመሙ በላይ የሚያስደነግጠው ቃሉ ነው። «ወረም» እብጠትም ዕጢም ማለት ነው፤ ስትሰሙት ካንሰር ነው ብላችሁ አትደምድሙ። «ጀልጣ» የረጋ ደም ነው። «ቀስጠራ» ሲባል ደግሞ ሆድ አይከፈትም። ከጉልበት ጀርባ ወይም ከብሽሽት አካባቢ ቦታው ይደነዝዝና በመርፌ ቀዳዳ ቀጭን ሽቦና ቱቦ ይገባል። «ሲብጋ» የሚባል ቀለም ተረጭቶ የጠበበው ቦታ በራጅ ይታያል። ከዚያ ትንሽ ፊኛ ተነፍታ ቦታውን ታሰፋለች። መልሶ እንዳይጠብ «ሸበካ» የሚባል የብረት መረብ እዚያው ሊቀር ይችላል። ፊኛዋ ስትነፋ ወገብ ላይ ሕመም ሊሰማ ይችላል፤ ለሐኪሙ ንገሩ።

ፊርማው የማዳም ሳይሆን የእናንተ ነው። ያልገባችሁ ነገር ካለ «አብጋ ሙተርጂም» ብላችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ። እርግዝና፣ የኩላሊት ሕመም፣ አለርጂ ካለባችሁ፣ የወሊድ መከላከያም የምትወስዱ ከሆነ አትደብቁ፤ አንዳንዱ የወሊድ መከላከያ ክኒን ደም የመርጋት ዕድልን ይጨምራል።

ብዙዎች በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ከሆስፒታል ይወጣሉ። ሥራው ግን ወዲያው እንደ ድሮው አይሆንም። ከባድ ዕቃ ማንሳት ለስንት ቀን እንደተከለከለ በወረቀት አስጽፉና ለአሠሪያችሁ ስጡ። ደም ማቅጠኛው እብጠቱ ስለጠፋ ብቻ አይቋረጥም፤ ከሐኪም ፈቃድ ውጪ አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን አትጨምሩበት፤ መድማትን ያብሳል። ከሕክምናው በፊትም ሆነ በኋላ ትንፋሽ በድንገት ካጠረ፣ ደረት ከወጋ ወይም ደም ካሳላችሁ ማስፈቀድ አያስፈልግም፤ ወዲያውኑ 9999 ደውሉ።