ዜሮ በ15 ሲባዛ

ሥራዬ የካሳ ግምት ነው። መንገድ ወይም ማዕድን ሊገባ ሲል ከቀበሌ ሰዎችና ከግብርና ባለሙያ ጋር ወጥቼ ቤቱን፣ አጥሩን፣ ተክሉን እቆጥራለሁ። ደቡብ ምዕራብ ስደርስ ግን ቅጹ አይበቃኝም።

ያዩን እንውሰድ። 167 ሺህ ሄክታር ገደማ የሚሆነው የያዩ የቡና ጫካ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል። በዚያው አካባቢ የድንጋይ ከሰል አለ። በከሰሉ ማዳበሪያ ሊያመርት የተጀመረው ፋብሪካ ሳያልቅ ቢቀርም የከሰል ፍላጎቱ አልበረደም። አልፈርድም፤ ሲሚንቶ ፋብሪካዎቻችን ከሰል በዶላር ሲያስመጡ ኖረዋል።

የካሳ ሕጉ ተሻሽሏል። በ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 455 የመፈናቀያ ካሳ ያለፉት 5 ዓመታት አማካይ ገቢ 10 እጥፍ ነበር። የ2011ዱ 1161 ደግሞ ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛውን ወስዶ በ15 ያባዛል። ቡና አንድ ዓመት ሰጥቶ በሚቀጥለው ስለሚያርፍ ይህ ለቡና ገበሬ ትልቅ ነገር ነው። ከጫካ የተለቀመ ቡና፣ ኮረሪማ፣ ጥምዝና ማር ግን በምን ደረሰኝ ይረጋገጣል? ሰብሳቢው መንገድ ዳር መዝኖ፣ ብሩን ቆጥሮ ይሄዳል። ዜሮ በ15 ቢባዛም ዜሮ ነው።

ይዞታውም አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ገበሬውንና አርብቶ አደሩን ከመፈናቀል ሲጠብቅ በስም ይጠራቸዋል፤ ከጫካ የሚኖረውን ለይቶ አይጠራም። የይዞታ ደብተሩ ላይ ያለው የእርሻውና የጓሮው መሬት ነው፤ ጫካው የመንግሥት ተብሎ ይታለፋል። በአገሬው ልማድ ግን ዛፉ ቀፎ የሰቀለበት ሰው ንብረት ነው፤ ልጁ ይወርሰዋል፣ ጎረቤት አይወጣበትም። አንድ አዛውንት ቀፎዎቻቸውን ስመዘግብ ቆመው ሲያዩኝ ቆይተው፣ «ልጄ፣ ቀፎውንማ ሌላ እሠራለሁ፤ የምሰቅልበትን ጻፍልኝ» አሉኝ።

«ምርመራ» በሚለው ዓምድ ጻፍኩላቸው። እንዲህ ያለውን ማስታወሻ ግምቱን የሚያጸድቁት ሰዎች አንዳንዴ ይሰርዙታል፤ ቀመር የለውማ። አሁን ቆጠራ ከመጀመሬ በፊት የትኛው ዛፍ የማን እንደሆነ፣ ማን የት እንደሚለቅም ሽማግሌዎቹ እንዲናገሩና በቃለ ጉባኤ ተይዞ እንዲፈረም አደርጋለሁ። የተፈረመ ወረቀት መሰረዝ ያን ያህል አይቀልም።

ይህ ሁሉ መሠራት የነበረበት ግን የማዕድን ፈቃዱ ከመሰጠቱ በፊት፣ ቡናው በሚለቀምበት ወቅት ነበር። ያኔ ቢሆን ጉድጓዱን ትንሽ ፈቀቅ ማድረግም ይቻል ይሆናል። እኛ የምንጠራው ካርታው ከጸደቀ በኋላ ነው።