የአፍንጫ ሥጋ፦ ሲያብጥ የሚያፍን፣ ሲጠፋ የሚያስቆጭ

ሌሊት በግራ ጎንዎ ተኝተዋል፤ ግራው አፍንጫ ይደፈናል። በቀኝ ይገላበጣሉ፤ ጥቂት ቆይቶ ግራው ይከፈትና ቀኙ በተራው ይዘጋል። ጠዋት ሲነሱ አፍዎ እንደ ኩበት ደርቋል፣ ጉሮሮዎ ይከረክራል። ብዙ ሰው ይህን «ሳይነስ አለብኝ» ብሎ ያልፈዋል። የአንገት በላይ ሐኪም ግን መብራቱን ግንባሩ ላይ አስሮ አፍንጫውን ገለጥ ሲያደርግ ብዙ ጊዜ የሚያየው ሌላ ነገር ነው፤ ከጎን ግድግዳው ተነሥቶ መሐሉን ሊነካ የደረሰ ያበጠ ሥጋ። በሕክምናው ስሙ ተርቢኔት ይባላል።

ተርቢኔት ትርፍ ሥጋ አይደለም፤ ሁላችንም ይዘነው የምንወለደው ነው። በአፍንጫችን ግራና ቀኝ ሦስት ሦስት ሆኖ ተደርድሯል። ትልቁና ብዙውን ጊዜ የሚያፍነው ታችኛው ሲሆን መጠኑ ትንሽ ጣትን ያህላል። ውስጡ ቀጭን አጥንት ነው፤ አጥንቱን ደም ሲሞላው የሚነፋ፣ ደም ሲሸሸው የሚሟሽሽ ሥጋ ከቦታል፤ ከላይ ደግሞ እርጥብ ስስ ሽፋን ለብሷል። በቀን 10 ሺህ ሊትር ገደማ አየር በዚህ በኩል ያልፋል። ቀዝቃዛውን የሚያሞቀው፣ ደረቁን የሚያረጥበው፣ አቧራውን ይዞ የሚያስቀረው በዋናነት ይኸው ሥጋ ነው።

ሥራውንም በፈረቃ ይሠራል። በጤነኛ ሰው አንዱ ወገን ሲያብጥ ሌላው ይሟሽሻል፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ተራ ይቀያየራሉ። ጀርመናዊው ሐኪም ሪቻርድ ካይዘር ይህን በ1895 እ.ኤ.አ. ጽፎታል። ችግሩ የሚመጣው ፈረቃው ተረስቶ ሁለቱም ወገን አብጦ ሲቀር ነው።

የሚያሳብጠው ብዙ ነው። አለርጂ ቀዳሚው ነው፤ አቧራና ጭስ ያባብሱታል። የአፍንጫው መሐል ግድግዳ ወደ አንድ ወገን የተጣመመበት ሰው ደግሞ ሰፊ በሆነው ወገን ያለው ተርቢኔት ባዶውን ቦታ ሊሞላ ያድጋል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን በራስ እጅ የሚመጣው ነው። ኦክሲሜታዞሊን ወይም ዛይሎሜታዞሊን ያለባቸው ጠብታዎች የደም ሥሮቹን አጥብበው አፍንጫን በደቂቃዎች ውስጥ ይከፍታሉ። ከአንድ ሳምንት ላለፈ ጊዜ ሲወሰዱ ግን ኃይላቸው ባለቀ ቁጥር ሥጋው ከበፊቱ ብሶ ያብጣል። ሰውየው ጠብታ ይጨምራል፤ እብጠቱም ይጨምራል። ጠብታውን ኪሱ ሳይዝ ከቤት የማይወጣ ሰው እዚህ አዙሪት ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።

ሐኪሙ መጀመሪያ ነገሩን ይለያል። ፖሊፕም «የአፍንጫ ሥጋ» ሲባል ይሰማልና ሁለቱ እንዳይምታቱ። ፖሊፕ የተላጠ የወይን ፍሬ ይመስላል፣ ሲነካም አያምም፤ ተርቢኔት ግን ቀላ ያለ ነው፣ ሲነካ ሕመምተኛው ፊቱን ይሸሻል። ቀጥሎ የሚያሟሽሽ መድኃኒት ይረጭና ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ እንደገና ያያል። ሥጋው ከሟሸሸ ችግሩ ደም የቋጠረው ሥጋ ነው፤ ካልሟሸሸ ግን አጥንቱ ራሱ ሳይሰፋ አይቀርም። ቢላ ከመነሣቱ በፊትም ለሳምንታት በጨው ውሃ ማጠብና ስቴሮይድ ያለበት የአፍንጫ መርጫ፣ አለርጂ ካለ ደግሞ የአለርጂ መድኃኒት ይሞከራል። ለብዙዎች ይኸው ይበቃቸዋል።

ላልበቃቸው ቀዶ ሕክምና አለ። በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ግድም የነበሩ ሐኪሞች መንገዳቸው አጭር ነበር፤ ተርቢኔቱን ሙሉ በሙሉ ቆርጠው ያወጡት ነበር። አየር በሰፊው ያልፋል፤ ነገር ግን ከዓመታት በኋላ አፍንጫቸው እንደ አዳራሽ የተከፈተ ሕመምተኞች «ታፍኛለሁ» እያሉ የሚመለሱበት ጊዜ መጣ። አሜሪካ በሚገኘው ማዮ ክሊኒክ ዩጂን ከርን የተባሉ ሐኪም በ1990ዎቹ ችግሩን «ባዶ አፍንጫ» የሚል ስም ሰጡት።

ነገሩ እንቆቅልሽ ቢመስልም መልሱ እቤታችን አለ። ጉንፋን ሲይዘን የባሕር ዛፍ እንፋሎት እንታጠናለን፣ ቪክስ እንቀባለን፤ ወዲያው አፍንጫችን የተከፈተ ይመስለናል። ሲለካ ግን የሚያልፈው አየር እምብዛም አልጨመረም። የተቀሰቀሱት ቅዝቃዜን የሚያውቁ ነርቮች ናቸው። አየር መግባቱን የምናውቀው ሽፋኑን ሲያቀዘቅዘው ነው። ሽፋኑ ተቆርጦ ከሄደ አየሩ ቢያልፍም አናውቀውም።

ስለዚህ የዛሬው ቀዶ ሕክምና ሽፋኑን ትቶ ውስጡን ማሳነስ ሆኗል። ቀላሉ በሬዲዮ ሞገድ የሚሠራው ነው። ማደንዘዣ የነካ ጥጥ አፍንጫው ውስጥ ይቀመጣል፤ ሥጋው ከደነዘዘ በኋላ መርፌ መሰል ዘንግ ከፊት በኩል ይሰካል። ከዘንጉ የሚወጣው ሞገድ ለሰከንዶች ውስጡን አሙቆ ይተኩሰዋል፤ የተተኮሰው ቦታ በሚቀጥሉት ሳምንታት ጠባሳ እየሆነ ይኮማተራል። ሕመምተኛው ሳይተኛ ተሠርቶለት በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። አጥንቱ የሰፋበት ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ሙሉ ማደንዘዣ ያስፈልገዋል፤ ሐኪሙ ከፊት ትንሽ ቀድዶ ሽፋኑን እንደ ካልሲ ይገልጥና ውስጡን ይቀንሳል፣ የቀረውን አጥንት ሰበር አድርጎ ወደ ጎን ይገፋዋል። ጣሊያን ውስጥ 382 ሕመምተኞችን በስድስት ዘዴ አክሞ ለዓመታት የተከታተለና በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የተሻለ ውጤት ያገኘው በዚሁ መንገድ ነው።

ከቀዶ ሕክምናው የወጣ ሰው ቶሎ ተስፋ እንዳይቆርጥ ሊነገረው ይገባል። በመጀመሪያው ሳምንት አፍንጫው ከበፊቱ ይብስ ሊታፈን ይችላል፤ ውስጡ ያብጣል፣ የደረቀ ቅርፊትም ይይዛል። ፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውሃ ማጠብ፣ አለመናፈጥ፣ ማስነጠስ ሲመጣ አፍን ከፍቶ ማስነጠስ፣ ከባድ ዕቃ አለማንሣት፤ ደም እንዳይፈስ የሚጠብቁት እነዚህ ናቸው። አለርጂውም አብሮ አልተቆረጠም፤ መርጫው ከተተወ ሥጋው ከዓመታት በኋላ መልሶ ሊያብጥ ይችላል።

ሁሉም በደህና ካለፈ በኋላ አንድ ሌሊት በግራ ጎንዎ ተኝተው ግራው ጠበብ፣ ቀኙ ሰፋ ሲል ያገኙት ይሆናል። ያኔ ጠብታ ፍለጋ አይነሡ። ፈረቃው ሥራ ገብቷል፤ የቀረልዎት ሥጋም በሕይወት አለ ማለት ነው።